ለውሻ የአጥንት ካንሰር የቱ ሕክምና? ዛሬ በእጃችን ያለውና ገና በምርምር ላይ ያለው ሲነጻጸሩ

ባለፈው ክረምት ሐዋሳ አንድ ጋሼ ነብሮ የሚባለውን ጀርመን ሼፐርዳቸውን በባጃጅ ጭነው ክሊኒኬ መጡ። ውሻው ስምንት ዓመቱ ነው፣ አርባ ኪሎ ይመዝናል፣ የቀኝ የፊት እግሩ ከአንጓው ከፍ ብሎ አብጧል። ስድስት ሳምንት ያህል ሲያነክስ ቆይቷል። በመጀመሪያ የሰፈር ልጆች ድንጋይ ወርውረውበት ይሆናል ተብሎ ታለፈ፤ ቀጥሎ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ በቅቤ ታሸ። ራጁን ሳየው የአጥንቱ ጫፍ ብል እንደበላው እንጨት ሆኗል፤ በዳሩ በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት እንደ ፀሐይ ጨረር ተበትኖ ወጥቷል። ከዕጢው በመርፌ የተወሰደው ናሙና የጠረጠርኩትን አረጋገጠ።

ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሰው መጡና ስልካቸውን አወጡ። "ዶክተር፣ ልጄ ከውጭ ይህን ልኮልኛል" አሉኝ። ካንሰር ሕዋስ ጭንቀት ሲበዛበት ራሱን የሚያድንባቸውን ፕሮቲኖች ስለሚመታ መድኃኒት የሚያወራ ጽሑፍ ነበር። "እሱ ገዝቶ ቢልክልኝ ትወጋልኛለህ?"

ያን ዕለት "አይሆንም ጋሼ" ብዬ ብቻ መለስኩላቸው። ደጅ ላይ ወረፋ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ነበር። ጥያቄያቸው ግን ከዚያ የተሻለ መልስ ይገባው ነበር። ልጃቸው የላከው ነገር ውሸት አይደለም፤ እውነተኛ ሳይንስ ነው። በእውነተኛ ሳይንስና ነገ ጠዋት ለውሻዎ በሚመርጡት ሕክምና መካከል ግን ርቀት አለ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ርቀት ለማሳየት ነው።

በሽታው ሁለት ነው

በሽታው ኦስቲዮሳርኮማ ይባላል። አጥንት ከሚሠሩት ሕዋሳት የሚነሳ ካንሰር ሲሆን፣ በውሻ ላይ ከአጥንት ከራሱ ከሚነሱት ዕጢዎች 85 በመቶ ያህሉ እሱ ነው። ትልልቅ ዝርያዎችን ያጠቃል፤ ሮትዋይለር፣ ግሬት ዴን፣ ጀርመን ሼፐርድና ከነሱ የተዳቀሉ የግቢ ጠባቂዎቻችን ተጋላጭ ናቸው። ብዙውን ጊዜ በሰባትና በስምንት ዓመት ዕድሜ አካባቢ ይመጣል፤ ጥቂቶችን ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይይዛቸዋል። ቦታም ይመርጣል። በፊት እግር ላይ ከክርን በራቀው ጫፍ፣ በኋላ እግር ላይ ደግሞ ወደ ጉልበት በቀረበው ጫፍ መብቀል ይቀናዋል። ትልቅ ውሻ ያለ ግልጽ ምክንያት ከሁለት ሳምንት በላይ ካነከሰና በእነዚህ ቦታዎች ላይ እብጠት ካለው፣ ራጅ ሳይነሳ ሌላ ነገር አይሞከር።

ምርጫውን ሁሉ የሚወስነው ቀጥሎ ያለው ነው። በመጀመሪያው ቀን የደረት ራጅ ሲነሳ ሳንባ ላይ ስርጭት የሚታየው ከ15 በመቶ ባነሱ ውሾች ላይ ነው። እግሩ ብቻ ተቆርጦ ሌላ ሕክምና ካልተሰጠ ግን 90 በመቶ ያህሉ በዓመት ውስጥ በስርጭቱ ይሞታሉ። ይህ ማለት ዕጢው እግር ላይ በታየበት ቀን ዘሩ ቀድሞ ተበትኗል፤ ራጅ ሊያየው ስለማይችል ብቻ ነው የማናየው። ስለዚህ ከፊታችን ያለው አንድ በሽታ ሳይሆን ሁለት ነው፦ እግር ላይ ያለው ሕመምና ሳንባ ውስጥ ያለው ዘር። የትኛውም ሕክምና ሲነገርዎ "ይህ የሚመታው ሕመሙን ነው ወይስ ዘሩን?" ብለው ይጠይቁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሁሉንም የምመዝነው በዚሁ ጥያቄ ነው።

ወደ ምርጫው ሳልገባ ሁለት ነገር ልለምን። አንደኛ፣ ያበጠ አጥንት ያለበትን ውሻ ወጌሻ አያሸው። ወጌሻዎቻችን የወለቀን በመመለስ የተካኑ ናቸው፤ በካንሰር የተቦረቦረ አጥንት ግን በመታሸት ሊሰበር ይችላል፤ እንዲህ የተሰበረ አጥንት ደግሞ አይጠግንም። ሁለተኛ፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከቤትዎ መሳቢያ አውጥተው አይስጡት። ለሰው የሚስማማው መጠን የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል። ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚባሉት ስቴሮይዶች ተወግቶ ከሆነ ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው። አንድ ጊዜ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት የወሰደ ውሻ መጥቶልኝ ነበር፤ ደም ሲያስመልስ አደረና ካንሰሩ ሳይሆን የቆሰለው ጨጓራ ገደለው። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

ዛሬ መምረጥ የሚቻለው

የመጀመሪያው መንገድ ማስታገሻ ብቻ ነው። የሚመታው ሕመሙን ነው፤ ያውም በከፊል። ሜሎክሲካም በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 0.2 ሚሊግራም፣ ከዚያ በኋላ በቀን በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ይሰጣል፤ የኩላሊቱ ሁኔታ አስቀድሞ በደም ምርመራ መታየት አለበት። የነርቭ ሕመም የሚያስታግሰው ጋባፔንቲን ይጨመርበታል። ትራማዶል ብቻውን ለውሻ ደካማ ነው፤ በእሱ ተማምኖ መቀመጥ ውሻውን ማሰቃየት ነው። ፓሚድሮኔት ወይም ዞሌድሮኔት የሚባሉት በደም ሥር የሚሰጡ መድኃኒቶች ሲገኙ አጥንቱን የሚበላውን ሂደት ያዘገያሉ፣ ሕመሙንም በአንዳንድ ውሾች ላይ ያቀልላሉ። በዚህ መንገድ የሚቆዩት ውሾች አብዛኞቹ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሕመሙ ከመድኃኒቱ በላይ ይሆናል ወይም አጥንቱ ይሰበራል።

ሁለተኛው እግሩን መቁረጥ ነው። ይህን ስናገር ባለቤቶች ፊታቸውን ያዞራሉ። "በሦስት እግር ምኑን ኖረው?" ይሉኛል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ እኛ እግር የተቆረጠን ሰው ስናይ የምናስበውን ነው ውሻው ላይ የምንጭነው። ውሻው ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በሦስት እግር ነበር የሚሄደው፤ አራተኛው የሚያሰቃየው ሸክም ነበር። አብዛኞቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቆመው ይራመዳሉ። ውሻ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ስለሆነ የፊት እግር ሲቆረጥ መላመዱ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ይለምዱታል። ቤቱ ሴራሚክ ከሆነ ምንጣፍ ይነጠፍለት፤ ከዚያ ወዲያ በሰንሰለት አይታሰር፤ እንዳይወፍርም ይጠበቅ። ይህ መንገድ ሕመሙን ከሥሩ ይነቅላል፤ ዘሩን ግን አይነካም። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚኖሩት መካከለኛ ዕድሜ (ግማሾቹ ከዚያ ያነሰ፣ ግማሾቹ ከዚያ የበለጠ የሚኖሩበት) ከአራት እስከ አምስት ወር ነው፤ ዓመት የሚሞላው ከአሥር አንዱ ያህል ብቻ ነው።

ሦስተኛው መቁረጥና ኬሞቴራፒ በአንድነት ነው። ሁለቱንም በሽታ የሚነካው ይህ ብቻ ነው። መካከለኛው ዕድሜ ወደ አሥርና አሥራ ሁለት ወር ይደርሳል፤ ከአምስቱ አንዱ ያህል ሁለት ዓመት ይደርሳል። ብዙ የሚሠራበት ካርቦፕላቲን ነው፦ በየሦስት ሳምንቱ፣ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ፣ በአካል ስፋት በካሬ ሜትር 300 ሚሊግራም። ነብሮን የሚያህል የአርባ ኪሎ ውሻ የአካል ስፋቱ 1.18 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ዙር 350 ሚሊግራም ያህል ይወስዳል፤ አንድ ባለ 450 ሚሊግራም ጠርሙስ ይበቃዋል ማለት ነው። መድኃኒቱ ለሰው ካንሰር ሕክምና ወደ አገራችን የሚገባ ነው። ሲስፕላቲንም ይሠራል፣ ግን ኩላሊትን ስለሚጎዳ ብዙ ፈሳሽ መስጠት ይፈልጋል። ዶክሶሩቢሲን ሲደጋገም ልብን ያደክማል።

ብዙ ሰው ኬሞ ሲባል ፀጉሩ የረገፈ፣ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ነው የሚታየው። ለውሻ የሚሰጠው መጠን ከዚያ የቀለለ ነው፤ የምንፈልገው ያለውን ጊዜ በደህና እንዲኖር ነው። አብዛኞቹ አንድ ሁለት ቀን ምግብ ከመቀነስ ወይም ከተቅማጥ አያልፉም። ዋናው ጥንቃቄ የነጭ ደም ሕዋስ ነው፤ በካርቦፕላቲን በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ዝቅ ይላል፣ ያኔ ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መምጣት ነው። እዚህ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ መዥገር ስለሚበዛ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ መዥገር የሚያመጣው ኤርሊኪያ የሚባል በሽታ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ፕሌትሌት ስለሚያወርድ፣ ኬሞ ከመጀመሩ በፊት ደሙ በደንብ ይታይ። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ለጥቂት ቀን ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን በጓንት ያጽዱ፤ ነፍሰ ጡር ሴትና ልጆች አይንኩት።

ቀሪዎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ለማስታገሻ የሚሰጥ የጨረር ሕክምና ከአራት ውሾች በሦስቱ ላይ ሕመሙን ለጥቂት ወራት ይቀንሳል፤ በከተማችን ግን ለእንስሳት የሚሰጥበት ቦታ የለም። እግሩን ሳይቆርጡ የታመመውን አጥንት ብቻ የሚተካ ቀዶ ሕክምናም በውጭ አገር አለ፤ ውድ ነው፣ ኢንፌክሽን ይበዛበታል፣ ዕድሜውንም ከመቁረጥ አያስበልጥም።

ሕዋስ ሲጨነቅ የሚጠራቸው ሚዜዎች

አሁን ወደ ጋሼ ልጅ ጽሑፍ ልምጣ። ነገሩ የተጀመረው በዝንብ ነው። ጣሊያናዊው ፌሩቾ ሪቶሳ የፍራፍሬ ዝንብ ሕዋሳትን በሚያጠናበት ጊዜ የማሞቂያው ሙቀት ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ክሮሞሶሞቹ ላይ ከዚያ በፊት ያልታየ እብጠት አየ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 አሳተመው። እብጠቱ ሕዋሱ በሙቀት ሲደነግጥ በፍጥነት የሚከፍታቸው ጂኖች ምልክት ነበር። ከዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 በእነዚያ ጂኖች ትእዛዝ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ተለዩና ሂት ሾክ ፕሮቲን፣ በአጭሩ ኤች.ኤስ.ፒ. ተባሉ። ሙቀት ብቻ ሳይሆን የኦክስጅን እጥረት፣ መርዝና ረሃብም ይጠራቸዋል።

ሥራቸው የሚዜ ሥራ ነው። ፕሮቲን ሲሠራ እንደ ክር ረዥም ሆኖ ይወጣና በትክክል ታጥፎ ቅርጹን መያዝ አለበት፤ ካልያዘ ከሌሎች ጋር ተጣብቆ ይበላሻል። ኤች.ኤስ.ፒ.ዎች ሙሽራውን አጅበው፣ ልብሱን አስተካክለው ወንበሩ ላይ እስኪቀመጥ የማይለዩት ሚዜዎች ናቸው። ከነሱ ዋናው ኤች.ኤስ.ፒ. 90 ነው፤ 90 የሚለው የክብደቱ ልክ በኪሎዳልተን (በሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ነው። ባልተጨነቀ ሕዋስ ውስጥ እንኳ ከጠቅላላው ፕሮቲን አንድ ሁለት በመቶ የሚሆነው እሱ ብቻ ነው።

ጤነኛ ሕዋስ እነዚህን ሚዜዎች በክፉ ቀን ነው በብዛት የሚፈልጋቸው። ለካንሰር ሕዋስ ግን ቀኑ ሁሉ ክፉ ቀን ነው። ኦስቲዮሳርኮማ ደግሞ በተለይ የተዘበራረቀ ካንሰር ነው፦ ክሮሞሶሞቹ ተሰባብረው ተቀጣጥለዋል፣ ፒ 53 የሚባለው ጠባቂ ጂን በብዙዎቹ ተበላሽቷል፣ ከተበላሸ ጂን የሚወጣው ፕሮቲንም ቅርጹ አይጸናም። ዕጢውን የሚያሳድጉት ሜት፣ ኪት፣ ኤ.ኬ.ቲ. የሚባሉት ፕሮቲኖች ሁሉ ቅርጻቸውን የሚጠብቁት በኤች.ኤስ.ፒ. 90 ድጋፍ ነው። ሚዜው ከተያዘ ብዙ ሙሽሮች በአንድ ጊዜ ይወድቃሉ። የሐሳቡ ውበት ይህ ነው፤ እኔንም መጀመሪያ ሳነበው ያስደሰተኝ ይህ ነው።

ዒላማዎቹ እርስ በርሳቸው ሲወዳደሩ

"የጭንቀት ፕሮቲን መድኃኒት" ሲባል አንድ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የተለያዩ ዒላማዎች ናቸው፣ ደረጃቸውም የተራራቀ ነው።

ከሁሉ ወደ ውሻው የቀረበው ኤች.ኤስ.ፒ. 90 ነው። ጉዞው የተጀመረው ስትሬፕቶማይሲስ ሃይግሮስኮፒከስ ከሚባል ባክቴሪያ በተገኘው ጌልዳናማይሲን ነው። ይህ መድኃኒት ኤች.ኤስ.ፒ. 90ን እንደሚይዝ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ሆኖም ጉበት ስለሚጎዳ ለሕክምና አልሆነም። ቀጥሎ ከመጡት ዘመዶቹ አንዳንዶቹም በውሃ ለመሟሟት አስቸገሩ። ከዚያ ጋኔቴስፒብ የሚባል የተለየ አሠራር ያለው ተሠራ፤ ጉበትን የሚጎዳው ክፍል የለውም። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ጋኔቴስፒብ የሚለወጠው ኤስ.ቲ.ኤ. 1474 በመጀመሪያ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ በኦስቲዮሳርኮማ ሕዋሳት ተሞከረ፤ ከዚያ በእንስሳት ካንሰር ሐኪሟ በሼሪል ለንደን የተመራ ቡድን ካንሰር ለያዛቸው 25 የቤት ውሾች ሰጥቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2011 አሳተመ። በስድስቱ ውሾች ዕጢው ቀነሰ፤ በሦስቱ ከአሥር ሳምንት በላይ ሳያድግ ቆመ። ዕጢያቸው ከቀነሰላቸው መካከል የአጥንት ካንሰር የነበረበት ነበር። ጉዳቱ በአብዛኛው ማስመለስ፣ ተቅማጥና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ነበር፤ እሱም በሌላ መድኃኒት ይታገዝ ነበር።

ደካማ ጎኑ ከራሱ ከጭንቀቱ ሥርዓት ይመጣል። ሕዋሱ ውስጥ ኤች.ኤስ.ኤፍ. 1 የሚባል ማንቂያ አለ፤ በሰላም ጊዜ ኤች.ኤስ.ፒ. 90 ይዞት ይቀመጣል። መድኃኒቱ ኤች.ኤስ.ፒ. 90ን ሲይዝ ማንቂያው ይፈታና ኤች.ኤስ.ፒ. 70ንና ኤች.ኤስ.ፒ. 27ን በብዛት ያስጠራል። እነሱም ሕዋሱ ራሱን እንዳያጠፋ ይከላከሉታል። ዋናው ሚዜ ሲታሰር ሌሎቹ ሮጠው ይመጣሉ እንደማለት ነው። በውሾቹ ጥናት ላይ መድኃኒቱ መሥራቱ የታወቀበት አንዱ መንገድ በደም ሕዋሳት ውስጥ ኤች.ኤስ.ፒ. 70 መጨመሩ ነበር፤ የመድኃኒቱ መድረስ ምልክትና የካንሰሩ መከላከያ አንድ ነገር ሆኑ።

ታዲያ ኤች.ኤስ.ፒ. 70ን ራሱን ለምን አንመታውም? ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ሥራው ግን ይከብዳል። መድኃኒት የሚገባበትን ኪስ ሕዋሱ ራሱ በኃይል ሰጪው ኤ.ቲ.ፒ. አጥብቆ ይሞላዋል፤ ደግሞም ጤነኛ ሕዋሳት በየቀኑ የሚጠቀሙበት መንትያ የሚመስል ወንድም አለው። ማንቂያውን ኤች.ኤስ.ኤፍ. 1ን ለመያዝም መድኃኒት የሚጣበቅበት ምቹ ጎድጓዳ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሁለቱም ለውሻ ባለቤት ዛሬ የሚሆን ነገር የላቸውም።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ሌላኛው ነው። ፕሮቲን የሚታጠፍበት የሕዋሱ ጓዳ ውስጥ ጂ.አር.ፒ. 78 የሚባል ሚዜ አለ፤ ሦስት ጠባቂዎችን፣ ፐርክን፣ አይ.አር.ኢ. 1ን እና ኤ.ቲ.ኤፍ. 6ን፣ ይዞ ይቀመጣል። ያልታጠፈ ፕሮቲን ሲከማች ለቋቸው ወደ ሥራው ይሮጣል፤ የተለቀቁት ጠባቂዎች አዲስ ምርት ያስቆማሉ፣ ተጨማሪ ሚዜ ያስጠራሉ፤ ጭንቀቱ ካልበረደ ግን ሕዋሱ እንዲሞት ይፈርዳሉ። አጥንት ሠሪ ሕዋስ ደግሞ የአጥንት መሠረት የሆነውን ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን በገፍ የሚያመርት ስለሆነ ጓዳው ሁልጊዜ የተጨናነቀ ነው። ስለዚህ ሁለት ተቃራኒ ስልት ይቻላል፦ ሚዜውን መንጠቅ ወይም ጓዳውን ከአቅሙ በላይ መሙላት። ሁለተኛውን የሚያደርግ መድኃኒት በሰው ሕክምና ላይ አለ፤ ቦርቴዞሚብ የተበላሸ ፕሮቲን የሚወገድበትን መንገድ ይዘጋል፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮም ለሰው የመቅኒ ካንሰር ተፈቅዷል። በሳህን ላይ የውሻ ኦስቲዮሳርኮማ ሕዋሳትን ይገድላል። ሳህን ግን ውሻ አይደለም፤ በሰው ላይ ነርቭ እንደሚጎዳና ፕሌትሌት እንደሚያወርድም እናውቃለን።

ሃያ አምስት ውሻና ሦስት መቶ ሃያ አራት ውሻ

ጋሼ "ታዲያ ስድስቱ ውሾች ተሻላቸው አይደል?" ሊሉኝ ይችላሉ። ለዚህ የምመልሰው በራፓማይሲን ታሪክ ነው። ራፓማይሲንም ከስትሬፕቶማይሲስ ሃይግሮስኮፒከስ የተገኘ ነው፤ ሕዋስ ምግብ ሲያጣ ወይም ሲጨነቅ እድገቱን የሚቆጣጠርበትን ኤም.ቶር የሚባለውን መንገድ ይዘጋል። በሳህን ላይ ጥሩ ነበር፣ በአይጥ ላይ ጥሩ ነበር፣ በጥቂት ውሾች ላይም ተስፋ ሰጠ። ከዚያ በሰሜን አሜሪካ 324 የቤት ውሾች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ሁሉም እግራቸው ተቆርጦ ካርቦፕላቲን ወሰዱ፤ ግማሾቹ በተጨማሪ ራፓማይሲን ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ውጤት እንዲህ ነበር፦ ያልወሰዱት መካከለኛ ዕድሜ 282 ቀን፣ የወሰዱት 280 ቀን።

እነዚያን ሁለት ቁጥሮች ሳነብ ለረዥም ጊዜ ዝም አልኩ። ያ ሥራ ባይሠራ ኖሮ ዛሬም በየአገሩ ያሉ ባለቤቶች ገንዘባቸውን ለማይረዳ መድኃኒት ያወጡ ነበር። የ2011ዱ የ25 ውሾች ጥናት የተሠራው የሚታገስ መጠን ለማግኘትና መድኃኒቱ አንዳች ነገር እንደሚያደርግ ለማየት ነው። ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፤ ውሾቹም የተለያየ ካንሰር ያለባቸው ነበሩ። "ዕጢ ቀነሰ" ማለት "ዕድሜ ረዘመ" ማለት አይደለም። በሰውም ቢሆን ጋኔቴስፒብ በሳንባ ካንሰር ላይ በሰፊው ሲሞከር እንደማይጠቅም ስለታየ እ.ኤ.አ. በ2015 ተቋረጠ። ተስፋው ግን አልሞተም፤ ፒሚቴስፒብ የሚባል ሌላ የኤች.ኤስ.ፒ. 90 መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2022 ጃፓን ውስጥ ለአንድ የጨጓራና የአንጀት ዕጢ ለሰው ተፈቀደ። ለውሻ የተፈቀደ ግን አንድም የለም።

ስለዚህ ማንም ሰው አዲስ መድኃኒት ሲያቀርብልዎ የምጠይቀውን ይጠይቁ። በሳህን ላይ ነው ወይስ በውሻ ላይ የተሞከረው? ስንት ውሻ? ካልወሰዱት ጋር ተወዳድሯል? ውሾቹ የኖሩት ምን ያህል ነው? ከአራቱ አንዱ መልስ ካጣ ውሻዎ የሙከራው መጀመሪያ ይሆናል፤ ያውም መዝጋቢ በሌለበት። ከውጭ በሻንጣ የመጣ፣ ቅዝቃዜው የተጠበቀ መሆኑ የማይታወቅ፣ መጠኑን የሚያውቅ ሐኪም አጠገብ የሌለበትን መድኃኒት በደም ሥር መስጠት አልችልም። "አይሆንም ጋሼ" ያልኩት ስለዚህ ነበር።

በእኔ ሚዛን

ሳንባው ንጹሕ የሆነ፣ ሌሎች እግሮቹ ጤነኛ የሆኑ ውሻ ካለዎትና በየሦስት ሳምንቱ ሊያመጡት ከቻሉ፣ መቁረጥና ካርቦፕላቲን ከሁሉ ይበልጣል፤ በዚህ አልወላውልም። ቀዶ ሕክምናውን በከተማችን ካላገኙ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ መንገዱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ሙቀቱ ሳይበረታ ሌሊት ተነስተው በሻሸመኔ፣ በዝዋይና በሞጆ በኩል ይውጡ፤ ያበጠውን እግር በፎጣ ደግፈው ያስተኙት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ የታደሰ ይሁን።

ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ መቁረጡን ይምረጡ። እግሩ ሳይቆረጥ ኬሞ ብቻ መስጠት ሕመሙን ትቶ ዘሩን ማሳደድ ነው፤ ውሻው የሚያውቀው ሕመሙን ነው። ጥቂት ባለቤቶች "ቢያንስ መድኃኒቱን እንሞክር፣ እግሩ ይቆይለት" ይሉኛል፤ ከፍቅር የመጣ ነው፣ ግን ለውሻው የሚከፋው ምርጫ እሱ ነው።

ሳንባው ላይ ስርጭቱ ከታየ፣ ወይም ውሻው አርጅቶ የቀሩት እግሮቹም የሚያሰቃዩት ከሆነ፣ ማስታገሻውን በጥሩ መጠን መስጠትና ቀኑን አስቀድሞ መወሰን ነው። በመርፌ ማሳረፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣበት የጎዳና ውሾች ተመርዘው ሲወራጩ ያየው ነገር ነው። ይህ እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ያንቀላፋል፣ ከዚያ ልቡ ይቆማል፤ እጅዎን ራሱ ላይ አድርገው መቀመጥ ይችላሉ። ምግብ ሲተው፣ ሌሊት ሲያቃስት፣ ሰው ሲመጣ ለመነሳት ሞክሮ ሲያቅተው ጊዜው ደርሷል። አጥንቱ እስኪሰበር አይጠብቁ።

ነብሮ እግሩ ተቆረጠ። ጋሼ ውሳኔውን ለመስጠት አምስት ቀን ፈጀባቸው፤ በስድስተኛው ቀን "ሕመሙን ወይስ ዘሩን ብለህ የጠየቅኸኝን ሳወጣ ሳወርድ ነበር" ብለው መጡ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአራተኛው ቀን የግቢውን በር ሲያንኳኩ ከተኛበት ተነስቶ ጮኸ። ሦስት ዙር ካርቦፕላቲን ወስዷል፤ ከሁለተኛው በኋላ ነጭ የደም ሕዋሱ ስለወረደ ሦስተኛውን በአንድ ሳምንት አዘገየነው። የአራተኛው ቀጠሮ ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ደሙን ረቡዕ እናያለን፣ የደረት ራጁንም አብረን እንደግማለን።